ከካርታው ጥግ የተጻፈው

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደግ ሰው ነው ይባላል። ቆቦ ከተማ ውስጥ የሚባለውን እኔም ሰምቻለሁ። የማውቀውን ግን እጽፋለሁ።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የግቢያችንን ፊት፣ አስፋልት ዳር ያለውን፣ ወስዶ ኢንተርኔት ቤት ሠራበት። የእኔ ቤት ከጀርባ ቀረ። በመካከል አንድ የብረት በር አለ፤ የሚዘጋው በእሱ በኩል ነው። ወደ መንገድ ለመውጣት በጓሮ ዞሬ ደረቁን ወንዝ እሻገራለሁ። ክረምት ከደጋው ጎርፍ ሲወርድ ውሃው እስኪጎድል ቤቴ እቀመጣለሁ። እህቴ ሮቢት ላይ ስትቀበር ጎርፉ ይዞኝ ቀረሁ። በሩን አንኳኳሁ። እሱ ቆልፎት ዋጃ ሄዶ ነበር።

ጡረታ እስክወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ኢንተርኔት ቤቱን እንድጠብቅለት ሲለምነኝ በሩን ይከፍትልኛል ብዬ እሺ አልኩ። አልከፈተም። ዞሬ መምጣቴ ቀጠለ።

ጨዋታውን ያየሁት እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ወደቦች፣ በረሃና መካከሉ ላይ ግንብ ያሉበት ካርታ አለ፤ ተጫዋቹ በየግዛቱ ሠራዊት ያሰፍራል፣ ዳይሱን ማሽኑ ይጥላል፣ ያሸነፈ ይገባል።

«ነይ እትዬ፣ የካርታ አስተማሪ አይደለሽ?» አለኝ።

«ሕጉስ?»

«ጎረቤት ጎረቤቱን ይወጋል። ሌላ ሕግ የለውም።»

ስንት ጊዜ እንዳሸነፈኝ አልናገርም። ከወደቦቼ ተነሥቼ መካከል ያለውን ግንብ ልውጋ ስል ማሽኑ እምቢ ይላል። እሱ ከግንቡ ሆኖ ሠራዊቴን ይጨርሳል። «ተማሪዎችሽ እንዴት ይሆን ያለፉት?» ይላል፤ ደንበኞቹ ይስቃሉ።

አንድ ቀን እሱ በሌለበት ካርታውን አሳነስኩት። ለካ ለእኔ ሲከፍትልኝ አስፍቶ የታችኛውን ጥግ ከስክሪኑ ያስወጣው ነበር። ሕጉ እዚያ ጥግ ላይ በደቃቅ እንግሊዝኛ ተጽፏል። ወደብ የሚወጋው ወደብን ብቻ ነው። ግንቡ ወደቦችን ከሩቅ ይደበድባል፣ ሠራዊታቸውን ያጠፋል፣ ግን አይገባባቸውም። ወደ ግንቡ የሚያስገባው ከበረሃው የተሳለው ቀስት ብቻ ነው። ቀስቱም የሚያሳልፈው ወደ ውስጥ ነው፤ ከግንቡ ሆኖ በረሃውን መውጋት አይቻልም። ደጋግሜ አነበብኩት። ለማንም አልተነፈስኩም።

በዚያው ሰሞን አንድ ጎረቤታችን፣ በአካባቢው ደም የሚያስታርቁ ሽማግሌ፣ ኢንተርኔት ቤቱ ጎራ አሉ።

«ይህን በር ለምን አትከፍትላትም?» አሉት።

«በዚህ ጨዋታ ካሸነፈችኝ እከፍታለሁ» ብሎ ሳቀ።

«ዋስህ ማነው?»

«እርስዎ ይሁኑ፣ አባባ።»

የቀለደ መስሎታል። እዚህ ቆላ ዋስ የጠራ ሰው ቀልዶ ነው አይባልም። ዋሱን ያሳፈረ ሰው በሽማግሌ ፊት ዳግም ሰው ሆኖ አይቆምም።

ወደቦቼን እንደ ድሮው ማጠናከሬን ቀጠልኩ። እሱም ደስ እያለው ይደበድባቸዋል። በረሃው ላይ ግን በየተራዬ ጥቂት ጥቂት ወታደር እጨምር ነበር። አየው፤ ሕጉን የማላውቅ ስለመሰለው ግድ አልሰጠውም። የግንቡን ጠባቂዎች ቀንሶ ሌላ ቦታ ሲያዘምት በቀስቱ ገባሁ። ግንቡን ሲያጣ ሌላውም ተከታትሎ ወደቀ።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ጥጉ ላይ ተጽፏል።»

ሽማግሌው ባሉበት በሩን በገዛ እጁ ከፈተው። መርቀውን ሄዱ። ጥቂት ጊዜ በዚያ በር ወጣሁ፣ ገባሁ።

ክረምቱ ገባ። ጎርፉ የወረደ ዕለት በሩን ስገፋው ተቀርቅሯል። ሽማግሌው ክፈት አሉት እንጂ ዳግም አትዝጋ አላሉትም።

አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ?» አለ ከውስጥ። «አዲስ ካርታ ጀምሬያለሁ። ከረታሽኝ እከፍታለሁ።»

«መጀመሪያ ጥጉ ላይ ያለውን አንብብልኝ» አልኩት። ዝናቡ ጀርባዬን እየመታኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

አላነበበልኝም። የማውሱ ጠቅታ ግን በብረቱ በኩል ይሰማኝ ነበር፤ ጥጉን ከስክሪኑ እያስወጣው መሆን አለበት።