ችሎት እስኪጀመር

ልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት አስተናጋጅ የሆነችው ሺፋ፣ የአንዲት ደንበኛዋን ስም አታውቅም። ሴትዮዋ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ባላት ቀን ሁሉ ቀደም ብላ ትመጣለች፤ ሶኬቱ አጠገብ ተቀምጣ ላፕቶፗን ትከፍታለች። ቀለበት የወለቀበት ጣቷ ላይ ነጣ ያለ መስመር ቀርቷል። አንዴ ሺፋ ምን እንደምትሠራ ብትጠይቃት፣ «የአንድ ድርጅት መጋዘንና ሂሳብ ክፍል ፕሮግራሞቻቸው አይግባቡም፤ መሃል ገብቶ የሚያገናኛቸውን እየጻፍኩ ነው» አለቻት።

ዛሬ አንድ ሽማግሌ ከባሏ ተልከው መጡ።

«ልጄ፣ ማሽን እያስማማሽ ከባልሽ መስማማት እንዴት ያቅትሻል?»

«ጋሼ፣ እነዚህ ሲገናኙ አንዳቸውም ሥራቸውን አይተዉም። እሱ ግን ሥራሽን ካልተውሽ አይሆንም ብሎኛል።»

«ትንሽ ለዘብ ብትይስ?»

«አልልም።»

ሽማግሌው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። እሷ ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። ጥቂት ቆይቶ ከመጋዘኑ የተላከው መረጃ ሂሳብ ክፍሉ ገጽ ላይ ብቅ ሲል፣ «ገባ!» ብላ ጮኸች። ሻይ የሚጠጡት ጠበቆች ሁሉ ዞር አሉ፤ እሷ ግን አላፈረችም።

የችሎቱ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሽማግሌውና ባሏ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ሲያዩዋት፣ ላፕቶፗን እንደተከፈተ አቅፋ፣ ቀና ብላ መንገዱን ተሻገረች።