የትልም ጫፍ ፊደል

አዲስ የታረሰ አፈር በሸተተኝ ቁጥር ፊደል ይታየኛል። ዛሬም ጠዋት ዝናቡ ካፊያውን ሲጥል ያ ሽታ በመስኮት ገባና ያደግሁበት ስማዳ ይዞኝ ሄደ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ እኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራችን አንድ ጡረታ የወጡ ጄኔራል መጡ። በወጣትነታቸው ከዚያው መንደር ወጥተው ተራ ወታደር ሆኑ፤ ከጦር ሜዳ ጦር ሜዳ ሲዞሩ ማዕረጉም ሽበቱም አብሮ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ከማሳችን በላይ ያለውን ተዳፋት ሰጣቸው። እሳቸውም እንደ ሰልፍ ቀጥ አድርገው ቁልቁል አረሱት። መንደሩ አፉን ይዞ ሳቀ፤ ጄኔራልን ደፍሮ የሚያርም ግን ማን አለ? ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ዘሩ ሁሉ ታጥቦ ከእኛ ማሳ ገባ።

በማግስቱ አባቴ ወጣ፤ እኔም ቁርሱን ይዤ ተከተልሁ።

«ጄኔራል፣ ጤፍዎ ከድቶ ወደ እኔ ገባ» አላቸው።

ጄኔራሉ ጭቃ የዋጠውን ከስክስ ጫማቸውን አዩና ሳቁ። «ወታደር ሲከዳ ጥፋቱ የአዛዡ ነው። በል እርሻ አስተምረኝ፤ እኔ ደግሞ ፊደል ላስተምርህ።»

«እኔስ አለፈብኝ።»

«እኔስ?» ብዬ ጮህሁ። ፊደል ልቁጠር ብዬ ያለቀስሁት ልቅሶ! አባቴ ግን «ለባል ቤት ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ዘግቶት ነበር።

«ጊደር ስትጠመድ አይቼ አላውቅም» አለ አሁንም።

«እኔም ጄኔራል ሲያርስ አይቼ አላውቅም» አሉ ፈጠን ብለው። «ከዚህ ስወጣ ሀን ከለ አልለይም ነበር። ጢሜ ከበቀለ በኋላ ነው ካምፕ ውስጥ የቆጠርሁት። እሷ ስለምን ትጠብቅ?»

አባቴ ቀንበሩን አንስቶ ወደ በሬዎቹ ሄደ። እሺ ማለቱ ነበር።

ማሳውን አግድም ማረስ ጀመሩ። ጄኔራሉ በትልሙ ጫፍ፣ በጅራፋቸው እጀታ አንድ ፊደል ይጽፉልኝና እርፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ። በሬዎቹ ዞረው ሳይመለሱ መያዝ አለብኝ፤ ማረሻው ሲመጣ ይገለብጠዋላ!

«ማናት?» ይላሉ ከሩቅ።

«መ ናት!»

«ጄኔራል፣ እርፉን ጫን ያድርጉት እንጂ! በሬ በልመና አይሄድም!» ይላል አባቴ ከጎናቸው። ያ ሁሉ ጦር ያዘዙ ሰው «እሺ» ይላሉ።

በዚያ ክረምት ጄኔራሉም እኔም ተማርን። ጤፉ ቀጥ ብሎ በቀለ። የቀረውን ፊደል እኔ ካገኘሁት ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ለራሴ ለቀምሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጄኔራሉ አረፉ፤ ማሳውም ለአባቴ ተሰጠ። መጀመሪያ ባረሰው ቀን ከትልሙ ጫፍ ቁጢጥ ብዬ በእንጨት ጻፍሁ። በሬዎቹ ደረሱ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ጄኔራል ይላል።»

አባቴ እርፉን ሽቅብ አነሳ። በሬዎቹን ቀስ አድርጎ አሻገረና ማረሻውን ከጽሑፉ ወዲያ መልሶ ተከለው።