አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ አውጫጭኝ

በጃንሆይ ዘመን የአውቶቡስ ረዳት ሆኜ የገባሁ ዕለት ሾፌሩ ጋሽ ወርቁ ሥራዬን በአጭሩ አስረዳኝ። "ጫን፣ እሰር፣ ዝም በል።" ሁለቱን ቶሎ ቻልኳቸው። ሦስተኛውን እስከ ጡረታዬ አልለመድኩትም።

መስመራችን በበጋ ብቻ ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ የእኔ ግዛት ነበር፤ ጭኜ፣ ሸራ አልብሼ፣ በገመድ አስራለሁ። ከዚያ ላይ ዕቃ ቢጠፋ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ውስጥ የሚጠፋውን እግዜር ይጠብቀው ይባል ነበር።

ያን ዕለት ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ ባልቴት ትንሽ ስልቻ አቅፈው ተሳፈሩ። "ጣሪያ ላይ ልጫንልዎ?" ብላቸው ገላመጡኝ።

"የአባቴ ርስት ያለው እዚች ውስጥ ነው። ነገ ዳኛው ፊት ወረቀቱን ካላቀረብሁ መሬቴን ባላጋራዬ ይወስደዋል።"

ቀጥሎ ቆብ የደፉ መነኩሴ መጡ። ጨዋ ልሁን ብዬ ከወይዘሮዋ አጠገብ የነበረውን ገበሬ አስነሥቼ አባን አስቀመጥኳቸው።

መንገድ ላይ ወይዘሮዋን እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ሲነቁ ስልቻው አለ፣ ወረቀቱ የለም። ጩኸታቸው አውቶቡሱን አቆመው። እኔም በሩን ዘጋሁ።

አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "አውጫጭኝ ይቀመጥ!" አሉ። ባገራችን ዕቃ ሲጠፋ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሜዳችን አውቶቡሱ ሆነ።

"ኧረ ይኸ መኪና ነው፣ ዋርካ አይደለም!" ብሎ ጋሽ ወርቁ ተቆጣ። የሰማው የለም።

መነኩሴው መስቀላቸውን አወጡ። እያንዳንዱ እየሳመ "አልወሰድሁም" ብሎ ማለ። እኔም ማልኩ፤ ጋሽ ወርቁም እያጉረመረመ ማለ። ሌባ ጠፋ።

"እንግዲያው መልአክ ነው የወሰደው፤ እንሂድ" አለ ጋሽ ወርቁ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እንባቸውን ጠረጉ። "አባ፣ እርስዎ ገና አልማሉም።"

"መስቀል የያዘ ሰው ይምላል እንዴ?"

"እንግዲያው ያምጡት፣ እኔ ልያዝልዎ።"

ተሳፋሪው ሁሉ በድፍረታቸው ጉድ አለ። መነኩሴው ግን፣ እዚህ ላይ አንቱታው ይቅርና፣ በመስኮት ሊዘል ተወረወረ። ዘልዬ ራሱን ስይዝ ቆቡ እጄ ላይ ቀረ። ወረቀቱ ተጣጥፎ ቆቡ ውስጥ ነበር። ሰውየውን ተሳፋሪዎቹ እግሩን ጎትተው አስቀሩት፤ ሲጠየቅ የባላጋራቸው መልእክተኛ ኖሯል፤ መነኩሴም አልነበረም። ደብረ ታቦር ለፖሊስ አስረከብነው።

ወይዘሮዋ ሲወርዱ ምርቃት ጠብቄ ጎንበስ አልኩ።

"አጠገቤ ያስቀመጥከው አንተ ነህ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በጣም አፈርኩ። በማግስቱ መሬቱ እንደጸናላቸው ስሰማ ነው እህል የቀመስኩት።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ጠፋ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የራሴን ኪስ አስፈትሻለሁ፤ ቀጥሎ ሾፌሩ፣ ቀጥሎ ካህኑ ይፈተሻል። ገበሬው መጨረሻ ነው። ፍተሻ ከፈታሹ ይጀመራል።