በጻንኮ ትከሻ ላይ የቀረው እጅ

እትዬ ዶንካ በቡልጋሪያ፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለው በሎም ወደብ ሃያ ስድስት ዓመት ክሬን ነድተዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ድምፃቸው ከዚያ ከፍታ አልወረደም፤ በረንዳ ላይ ሆነው ሲጠሩኝ ከዳኑብ ማዶ ያለው ሩማንያዊ ሁሉ «አቤት!» ሳይል የሚቀር አይመስለኝም ነበር። ከእኔ በታች ባለው ቤት ከታናሽ ወንድማቸው ከጻንኮ ጋር ይኖሩ ነበር።

ቀድሞ የታመመው ጻንኮ ነው፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር። ቀዶ ጥገናው ሠመረለት። በየሦስት ወሩ ደሙን እንዲያስመረምር፣ በዓመቱ ደግሞ አንጀቱ በካሜራ እንዲታይ ተነገረው። ሁለት ጊዜ ሄደ። ሦስተኛው ቀጠሮ ግቢው ውስጥ ለክረምት የሚሆን ቃሪያ በሚጠበስበት ቀን ዋለ። እትዬ ዶንካ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ «ፈረስ አክለህ ሐኪም ቤት ምን ትሠራለህ? ይልቅ ቃሪያውን ላጥ!» አሉት። ሳቀ፤ ቀረም። ያን ጊዜ ፎቶ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ቀጠሮ የሚባል ነገር አልተነሳም። በሽታው ሲመለስ ጉበቱ ላይ ተገኘ። ሐኪሞቹ «በዘር ይሄዳልና እህትም ትታይ» ብለው እሳቸውን ሲመረምሩ ያው በሽታ ተገኘባቸው፤ ገና ጅምሩ ላይ ስለነበር ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ዳኑ። ጻንኮ ተቀበረ፤ የሦስት ወሩ መመላለስም የእሳቸው ሆነ።

በእኛ አገር የሟች ማስታወቂያ ከነፎቶው በር ላይ ይለጠፋል፤ በአርባው፣ በመንፈቁ፣ በሙት ዓመቱ ይታደሳል። ለሙት ዓመቱ እትዬ ዶንካ ያንን የቃሪያ ቀን ፎቶ ለአታሚው ሰጡት። አታሚው እሳቸውን ቆርጦ አወጣቸው፤ አራት ጣቶቻቸው ግን በጻንኮ ትከሻ ላይ ቀሩ።

ማስታወቂያው በተለጠፈ በሳምንቱ ቀጠሯቸውን አሳለፉ። ወርጄ አንኳኳሁ።

«እትዬ ዶንካ፣ ቀኑ እኮ አለፈ።»

«አንተን ደግሞ ማን ዘበኛ አደረገህ?»

«ትንሽ ደም መስጠት ነው።»

«በሩን አላየኸውም? እጄ ቀድሞኝ ሄዷል። የቀረውን አካሌን ምን ያስመረምረኛል?»

«ጻንኮም ደህና ነኝ ብሎ ነው የቀረው።»

 ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

«እሱ አላለም። ደህና ነህ ያልኩት እኔ ነኝ።»

 ልወጣ ስል፣ «ምላጭ አለህ?» አሉኝ። ደንግጬ አየኋቸው።

«ምን ታፈጣለህ? ጢሜ አድጓል!»

አመጣሁላቸው። በሩ ፊት ቆመው ጣቶቹን አንድ በአንድ ከወረቀቱ ላይ ፍቀው አነሷቸው። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ አብረን ሄድን፤ ደሙም ተሰጠ።

ውጤቱ በሳምንቱ በስልክ መጣ። ምንም የለም፤ ከሦስት ወር በኋላ ይመለሱ። ቀኑን በትልልቅ ቁጥር ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት።

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው።

«እጄን ከትከሻው ላይ ሳነሳ ተሰምቶት ይሆን?» አሉኝ።

አላውቅም። አሁን በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ጻንኮ ይስቃል። ወረቀቱ በተፋቀበት በኩል የበሩ አረንጓዴ ቀለም ትከሻው ላይ ብቅ ብሏል፤ አራት ጣት ሆኖ።