የእማማ ሄልቪ ቁጣ

እታለማሁ የምትኖረው ከልጇ ከሃይማኖት ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የምትሠራው ግን አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ አቅም ያነሳቸውን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ሁሉም ያመሰግኗታል። ሲያመሰግኗት ፈገግ ብላ ካፖርቷን ትለብስና ትወጣለች።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ፣ በሕንጻው አዳራሽ ውስጥ ሴቶች ጠረጴዛ ከበው የእህል አገዳ ሲቆርጡ አየች። እግሯ አላልፍ አላት። ከፊንላንድ የመጡ ሴቶች ነበሩ። በአገዳው ቀዳዳ ክር እያሳለፉ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ አንዱን ከአንዱ እያሰሩ ከጣራ የሚንጠለጠል ጌጥ ያወጡበታል። ሂሜሊ ይሉታል። በሰው ትንፋሽ እንኳ ይዞራል። ሰማንያን የተሻገሩት መሪያቸው፣ እማማ ሄልቪ፣ ወንበር ስበው አስቀመጧት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አልቀረችም።

እማማ ሄልቪ ቁጡ ናቸው። የአንዷ ክር ከላላ «ፍቺው!» ብለው መቀሱን ይገፉላታል። ሴቶቹ ያጉረመርማሉ፣ ይስቃሉ፣ ይፈቱታል። እታለማሁ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ይለሰልሳል። «ቆንጆ ነው፣ በጣም ቆንጆ።» የጠመመውንም ቆንጆ ነው ይሏታል።

ገና ሲቃረብ ለትልቁ ሂሜሊ የሚሆን አዲስ አገዳ መጣ። እታለማሁ ላግዛቸው ብላ ቀድማ ገባች። ደብረ ታቦር ልጅ ሆና ስፌት ስትማር አክርማውን ታደርገው እንደነበረው፣ አገዳውን ውኃ ነክራ በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ሴቶቹ ሲገቡ ነዶው በሙሉ ተተልትሏል። ክር የሚያልፍበት ቀዳዳ የቀረለት አንድም የለም።

አንዷ አፏን በእጇ ያዘች። እማማ ሄልቪ አንዱን ስንጣቂ አንስተው አዩና መልሰው አስቀመጡት። «ምንም አይደለም» አሉ። «የሚያምር ቅርጫት ትሠሪልናለሽ።» ሌሎቹም አጨበጨቡላት።

ማታ፣ ልጇ ልትወስዳት ስትመጣ፣ መኪና ውስጥ አለቀሰች።

«ሁለተኛ አልሄድም።»

«ለምን? ማድ ሆኑብሽ?» አለች ሃይማኖት።

«ቢሆኑማ በማን እድሌ!»

«ወት?»

«አክርማ ያበላሸሁ ቀን አክስቴ ጆሮዬን ጠምዝዛ ነው የለቀቀችኝ። የቤት ልጅ ነበርኩ። እንግዳ ነው የማይቆጡት። እኔ እዚያ ስንት ወር ተቀምጬ ዛሬም እንግዳ ነኝ።»

«ሰው ናይስ ሆነልኝ ብሎ የሚያለቅስ ገና ዛሬ አየሁ» ብላ ሳቀች ሃይማኖት። የእናቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች። «ታዲያ ንገሪያቸዋ።»

«በምን አፌ?»

«በእኔ አፍ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረው ገቡ። እታለማሁ አልተቀመጠችም።

«ንገሪያቸው» አለች ለልጇ። «ቅርጫት ላሳይ አልመጣሁም፤ የእርሳቸውን ሙያ ልማር ነው። ከጠመመ ጠመመ ይበሉኝ። አለዚያ በሰላም ልቅር።»

ሃይማኖት ፊቷ በሐፍረት ቀልቶ ተረጎመችው።  እማማ ሄልቪ እታለማሁን ትክ ብለው አዩአት፤ ከዚያ የጀመረችውን ሥራ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

«ጠማማ ነው» አሉ። «ይኸኛውም ጠማማ። ይኸማ ከሁሉም የባሰ!»

መቀሱን ገፉላት። ከዚያ ያመቁት ሁሉ ወጣ። ያን አገዳ ከአንድ ገበሬ በስንት ልመና እንዳገኙት፣ ሳይጠይቁ መንካት ምን ዓይነት ዐመል እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ ጥፍርሽን ቁረጪ ሊሏት ፈልገው እንደተዉት፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በራሳቸው ቋንቋ አወረዱባት። ሃይማኖት መተርጎሙን ተወች። እታለማሁ አንገቷን ደፍታ ትፈታለች፤ ከንፈሯን ነክሳ የያዘችው ሳቅ እንዳያመልጣት።

ፈትታ ስትጨርስ ቀና አለች። ፊት ለፊቷ የእማማ ሄልቪ የራሳቸው ሥራ ተቀምጧል። አየችው፤ ደግማ አየችው። ጣቷን ወደ አንዱ ጠማማ አገዳ ዘረጋች።

«ማም፣ ዚስ ኖት ስትሬት።»

 እማማ ሄልቪ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ አገዳውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ አንዲት የፊንላንድ ስድብ አጉተመተሙ። ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ።

«አቀብይኝ» አሉ፣ እጃቸውን ወደ እታለማሁ መቀስ ዘርግተው።