መኪናዋን ይለውጡ ብዬ የቆምኩበት ዓመት

የባለቤቴን ስም ጠርቼ አላውቅም። በእኛ ወግ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ እሳቸው ካለፉ ስንት ዘመናቸው፣ ዛሬም ምላሴ እሺ አይለኝም። አላህ ይዘንላቸውና ሾፌር ነበሩ። በገበያ ቀን ከአሰላ እስከ ጎበሳ ሰውና እህል የሚያመላልሱ፣ የገዛ መኪናቸው ባለቤት። የገዛ መኪናቸው ስላችሁ ሀብታም እንዳይመስሏችሁ። ጣሊያን ሲሸሽ ጥሏት የሄደ የጭነት መኪና ናት፤ እሳቸውና ረዳታቸው ከቁጥቋጦ ውስጥ በበሬ ጎትተው ያወጧት።

የማወራችሁ ነገር የሆነው ጣሊያን ከወጣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። መኪናዋ አርጅታለች። ኮፈኗ በሽቦ ታስሯል። የጋቢናዋ አንዱ በር አይከፈትም፣ ሌላው አይዘጋም። ፍሬኗ ሲያሰኘው ይይዛል፣ ሲያሰኘው ይተዋል፤ ስለዚህ ዳገት ላይ ረዳቱ ታኮውን፣ ያንን ከጎማ ሥር የሚወሸቀውን እንጨት ታቅፎ ከጎኗ ይሮጣል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ላይ ነፍሱን ጭኖ ይሄዳል? ይሄድ ነበር። ሌላ ምን ነበረና!

አንድ ክረምት ከጎበሳ ሲመለሱ ጭቃ የበላው ዳገት ላይ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ተሳፋሪው ከነጓዙ እየዘለለ ወረደ። አንዲት ሴት እግሯ ተሰበረ። ባለቤቴ ጭቃ ለብሰው ቤት ሲገቡ ምን ሆኑ ብል፣ «ትንሽ አዳለጠን» አሉኝ። ትንሽ! ወሬውን ከነዝርዝሩ የሰማሁት በማግስቱ ከጎረቤት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው መንገድ በወጡ ቁጥር ልቤ አብሮ ይወጣል። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ እስክሰማ ድረስ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ የከተማችን እህል ነጋዴ ናዝሬት ላይ ደህና መኪና አግኝቶ፣ አሮጌዋን ሰጥተን በሽርክና እንግዛት ብሎ መጣ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሰውየውን እንደ ወንድሜ አስተናገድኩት። ባለቤቴ ግን፣ «ኢንሻአላህ፣ እናያለን» አሉ። እናያለን ያሉት ነገር ወር ሞላው፣ ሁለት ሞላው። ስጨቀጭቃቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ይህቺን እጄ ያውቃታል።»

«እጅዎ ቢያውቃት ምን ያደርጋል፣ ፍሬኗ እርስዎን አያውቅም!» እላቸዋለሁ።

ይስቁና ዝም ይላሉ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። ጮኸው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስስታም መሰሉኝ፤ ግትር መሰሉኝ፤ አንዳንዴማ፣ አፈር ይብላኝና፣ መኪናዋን ከእኔና ከልጆቼ አብልጠው የሚወዱ ይመስለኝ ነበር።

ያ ረዳታቸውም ያናድደኛል። በዕድሜ እኩያቸው ነው፣ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ያልተለያቸው። አንድ ቀን አብሬያቸው ጋቢና ብገባ አፉ አላርፍ አለ፤ «ወደ ግራ ያዝ፣ በሬ አለ፣ ድልድዩ ደረሰ፣ ሴትየዋ ትለፍ፣ አሁን ንዳ።» ጎበሳ እስክንደርስ እንዲህ ነው። «ይህ ሰው ዝም ማለት አያውቅም እንዴ?» ብል ባለቤቴ፣ «ተይው፣ ወሬ መንገድ ያሳጥራል» አሉኝ። እኔም ለፍላፊ ነው ብዬ ተውኩት።

በመጨረሻ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። በእኛ በአርሲ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሲንቄ ይባላል። ባልዋ የበደላት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች፤ የሰሙ ሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪፈርድ ቤቷ የምትመለስ የለችም። ሁለት ሰው ሲጣላ ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሀል ከቆመች ጠቡ ያበቃል። ሲንቄ የያዘችን ሴት አልፎ የሚሄድ ወንድ የለም። የሄደ ካለ ሰው አይደለም፣ ከብቱም ልጁም አይባረክለትም።

ጎረቤቴ የነበሩ ትልቅ ሴት ዘንድ ሄጄ ባለቤቴ ላይ ሲንቄ ይዤ ልቆም ነው ብዬ አማከርኳቸው።

«ልጄ፣ ሲንቄ ለመኪና አይወጣም» አሉኝ። «ሰውዬሽ መቱሽ?»

«አልመቱኝም።»

«አስራቡሽ?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ታዲያ ምን በደሉሽ?»

«ሊሞቱብኝ ነው! ከዚህ ወዲያ ምን በደል አለ?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን የሰው ምክር የምሰማ ሴት አልነበርኩም፤ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ!

የገበያ ቀን ጠዋት ነው። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የጭላሎ ተራራ ከነጫፉ ይታያል። ባለቤቴ ሞተሩን አስነሥተው ጋቢና ገቡ። ረዳቱ ተሳፋሪ ሊያሰባስብ ወደ ታች፣ ወደ እህል በረንዳው ቀድሞ ሄዷል። ከደጃችን እስከዚያ አጭር ቁልቁለት ናት፤ ሁልጊዜ ብቻቸውን ነው የሚወርዷት። እኔ ደግሞ እዚያች ቁልቁለት መሀል ላይ ሲንቄዬን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ቆምኩ።

ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው ባለበት ቀጥ አለ። አህያ የሚነዱ ወንዶች አህዮቻቸውን ያዙ። እኔ፣ ወላሂ እላችኋለሁ፣ በሆዴ እየሳቅኩ ነበር። አሁን ይቆማሉ፣ ይወርዳሉ፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ ይላሉ፣ ከዚያ እሺ ይላሉ ብዬ።

መኪናዋ መጣች። ፊታቸው ይታየኛል። ቀጥ ብለው እኔን ያያሉ፤ የተቆጣ ፊት አይደለም፣ ረጋ ያለ የዘወትር ፊታቸው ነው። መጡ፣ መጡ፣ አልቆሙም። አንድ ሰው ሲጮህ ወደ ጎን ዘለልኩ። ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ ሲንቄዬን ከእጄ ነጥቆ ሰበረው። እኔ ቦዩ ውስጥ ወደቅሁ፤ ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። እሳቸው ሳይቆሙ እስከ በረንዳው ወረዱ።

ሴቶቹ ኡኡታቸውን አቀለጡት። «ሲንቄ ረገጠ!» ተባለ። ወዲያው አሰላ በሴት ሞላ፣ ከገጠርም መጡ። እኔን አንሥተው እነዚያ ትልቅ ሴት ቤት አስገቡኝ። አለቀስኩ። ስለ ጉልበቴ አይደለም፣ ስለ ሲንቄዬም አይደለም። እያዩኝ! ስድስት ልጅ የወለድኩላቸው ሰው፣ ዓይን ለዓይን እያዩኝ! ያን ቀን እና ያን ሌሊት ያሰብኩት ይህንኑ ብቻ ነው። ለመኪና ብለው እኔን ሊረግጡ ፈቀዱ፤ ከእንግዲህ ምን ቤት አለኝ?

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ከከተማው ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ሴቶቹ ሲንቄያቸውን እንደያዙ በአንድ ወገን፣ እኔ መሀላቸው። ባለቤቴ መጡ፤ ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ ነበር። ሐዘን የያዛቸው መሰለኝ። ሁሉም ነገሩን ማብረድ ፈልጓል። ባለቤቴን የማይወድ ሰው አልነበረማ። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ መንገዱን አበጁላቸው።

«ሰው ሲናደድ ዓይኑ ይጨልማል። ሚስትህ በአደባባይ ስትቆምብህ ተናደድክ፤ ሸይጣን ገፋህ። አጥፍቻለሁ በል። ጊደር ታርዳለህ፣ ሴቶቹ ይመርቁሃል፣ ሚስትህ ቤቷ ትገባለች። ይኸው ነው።»

እሳቸው ይህን ብቻ ማለት ነበረባቸው። ሁላችንም ጠበቅን።

«አልተናደድኩም» አሉ።

«ታዲያ?»

«አላየኋትም።»

ሰው አጉረመረመ። «ፀሐይ ወጥቶ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ «ሰው ሁሉ ያየውን አንተ ብቻ እንዴት አላየህም?»

«ፀሐዩ ወጥቶ ነበር። እኔ ግን አላየኋትም። ዓይኔ ከደከመ ሁለት ዓመት ሆነው። የሰው ጥላ ካልሆነ አይታየኝም፤ እሱም ቅርብ ሲሆን ነው። የሚያይልኝ ይህ ነው» ብለው የረዳቱን ትከሻ ነኩ። ሰውየው በእጁ ፊቱን ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ። «አሮጌዋን በጆሮዬና በእጄ እነዳታለሁ፤ ማርሿን፣ መታጠፊያውን፣ ሁሉንም አውቃለሁ። አዲስ መኪና ብይዝ አላውቀውም፤ ለአዲሷ ፈቃድ የሚሰጠውም ሹም ዓይኔን ይመረምራል። ለዚህ ነው የተውኩት። ሚስቴ ሲንቄ ይዛ ብትቆም የማልፍ ሰው አይደለሁም። ይህንን እንድታውቁልኝ ነው።»

ያ ሁሉ ሰው እርስ በርስ ተያየ። ልጃቸውን፣ እህላቸውን፣ እናታቸውን ስንት ጊዜ በዚያች መኪና እንደላኩ ያሰቡ ይመስለኛል። እኔም አሰብኩ። ተናደድኩም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ የሰው ነፍስ ጭነው! ግን ወዲያው ቤት ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሱ ሲሄዱ ድካም ነው ያልኩት፣ ሳህኑ ወደ ቀኝ ሲቀመጥ በግራ ሲፈልጉት የሳቅኩት፣ የትንሿን ልጄን ፊት በመዳፋቸው ሲያሹ «ምን ይነካኳታል» ብዬ የተቆጣሁት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አብሬያቸው እየተኛሁ እኔ ነበርኩ ያላየሁ።

ሴቶቹ እርጥብ ሣር በእጃቸው አስይዘው መረቋቸው። ጊደር አልተጠየቀም። ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የተሳፈረባቸው ሰው የለም፤ እሳቸውም ጋቢና አልገቡም። የመኪናዋ ነገር፣ ትቆይ ወይስ ትለወጥ የተባባልነው ሁሉ፣ እዚያው ዋርካ ሥር አለቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ከመኪናዋ ልታደጋቸው ብዬ ከሥራቸው ነቀልኳቸው። ነጋዴው ሌላ ሸሪክ ፈለገ። አሮጌዋን አንድ የቆርቆሮ ሠራተኛ ፈታትቶ ወሰዳት፤ ሲፈታታት እሳቸው አጥሩ ሥር ተቀምጠው በየድምፁ «ይኼ ራዲያተሯ ነው፣ ይኼ የኋላ ጎማዋ» እያሉ ይነግሩኝ ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ወይ አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ያን ያህል ጎልማሳ ሰው ከዚያ ወዲያ ከደጅ ፀሐይ መሞቅ በቀር ሥራ አልነበረውም።

ብዙ ዓመት ሳልጠይቃቸው ኖርኩ። አንድ ቀን ባቄላ እየፈለፈልኩ፣ እሳቸውም አብረውኝ በዳበሳ እየፈለፈሉ፣ አፌ አላስችል አለኝ።

«ያን ቀን ሽማግሌው ቃሉን አፍዎ ላይ አኑረውልዎት ነበር። ተናድጄ ነው ቢሉ ጊደር አርደው በሳምንቱ መንገድ ላይ ነበሩ። ማን ያውቅ ነበር? እኔም ይቅር እል ነበር። ለምን አላሉም?»

የያዙትን ባቄላ አስቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ሌላው የፈለገውን ይበል» አሉኝ። «አንቺ ግን እያየኝ አለፈኝ ብለሽ ስታለቅሺ እንዳደርሽ ነገሩኝ።»