ሐኪሙ «ቀላል ነው» ያለው እርግዝና

ልብስ ሰፊዋን ደንበኞቿ «ሜትሯ» ይሏታል። ሰው ገና በሯ ላይ ሲቆም ወገቡን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። ሃያ ዓመት ሙሉ አብዝታ የሰፋችው የነፍሰ ጡር ቀሚስ ነው፤ የስድስት ወር ሆድ ቀሚስን ከፊት እንዴት እንደሚያነሳ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህችን ሴት ታዲያ ስለ ገዛ ሆዷ ስትናገር የሚሰማት ጠፋ።

የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፣ ስድስተኛ ወሯ። ለራሷ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ብትቆም ጠርዙ ከፊት ሳይሆን በቀኝ ጎኗ አራት ጣት ከፍ ብሏል። ፈትታ ደግማ ሰፋችው፤ ያው ነው። ጽንሱ በተራገጠ ቁጥር ደግሞ ሕመሙ ዓይኗን ያጨልመዋል።

«ልጁ ቦታው ላይ አይደለም» አለች።

አማቷ ስምንት መውለዳቸውን ላገኙት ሁሉ ሳይናገሩ የማይውሉ ሴትዮ ናቸው። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ቅምጥልነት አልነበረም!» አሉ። ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሞተሩ ትንሽ ድምፅ ከለወጠ መንገድ ዳር አቁሞ ሥሩ ይገባል፤ ሚስቱ ስታቃስት ግን «እማዬ ካለች እኮ ታውቃለች» ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። አይ ባል!

ሐኪሙንማ ታካሚዎቹ «ቀላል ነው» ብለው ሰይመውታል፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። የአልትራሳውንዱን መሣሪያ አንዴ ሆዷ ላይ ሸርተት አደረገና የጽንሱን የልብ ምት አየ። ጽንሱ የት እንዳለ ማየት ክብሩን የሚነካ መስሎት ይሁን እንጃ፣ አላየም።

«ዶክተር፣ ወደ ጎን ነው ያደገው። ለክቼዋለሁ።»

«በምን?»

«በሜትር።»

ነርሷን ጠቀስ አድርጎ ሳቀ። «አንቺ ጨርቅሽን ለኪ፣ ሆዱን ለእኛ ተይልን። ቀላል ነው።» ማስታገሻ ጻፈላትና ሸኛት። ዕውቀት ይህ ከሆነ ድንቁርና ምን በደለን?

ሁለት ወር እንዲሁ አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጨርቅ እየቆረጠች መቀሱን ጥላ ወደቀች። የጎረቤት ሱቅ ጫማ ሻጯ በታክሲ ጭና ትልቁ ሆስፒታል አደረሰቻት። እዚያ አንዲት በዕድሜ የገፉ አዋላጅ ሆዷን ቀስ ብለው ዳሰሱ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ የልጅሽ ክርን እኮ ከቆዳሽ ሥር ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ወር ሙሉ ተናገርኩ። ማን ይስማኝ?»

«እኔ ሰምቼሻለሁ» አሉና ሐኪሞቹን ጠሩ።

ቢታይ ማህፀኗ ባዶ ነው። ጽንሱ ከማህፀን ውጪ ሆዷ ውስጥ አድጓል፣ የእንግዴ ልጁም አንጀቷ ላይ ተጣብቋል። በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ ወጣች፤ ትንሽ፣ አንገቷ ወደ ጎን የዘመመ፣ ጩኸቷ ግን ክፍሉን የሞላ። የእንግዴ ልጁን ቢነቅሉት ደሟ ስለማይቆም እዚያው ተዉት። «ትኩሳት ከተሰማሽ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳትቆዪ፣ ቶሎ ነይ፤ የቀረው ካመረቀዘ ትሞቻለሽ» አሏት አዋላጇ።

ቤት ስትገባ አማቷ «እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» እያሉ ጠያቂ ይቀበላሉ። የሕፃኗን አንገት ያጣመመው እናቷ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ መዋሏ ነው ብለውም ፈረዱ። «ቀላል ነው» ደግሞ ለባልደረቦቹ ስለ እሷ የሚያወራው እርሱ ቀድሞ እንዳወቀላት አድርጎ ነው ይባላል። ዓይን አውጣ!

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሰውነቷ እንደ እሳት ጋለ።

«ብርድ ነው የመታት» አሉ አማቷ።

«እስኪ እስከ ነገ እንየው» አለ ባልየው።

ሜትሯ አልተከራከረችም። ግድግዳውን ተደግፋ ጫማዋን አደረገች፣ ሕፃኗን ጠቅልላ አቀፈች።

«ወዴት ነው?» አለ ባሏ።

«ወደሚያምኑኝ አዋላጅ።»

ሾፌሩ የአውቶቡሱን ቁልፍ እየፈለገ ሳለ እሷ በታክሲ ሄዳለች።